የደቂቃዎች ትንበያ፦ ንግድ ወይስ ቁማር?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «የክሪፕቶ ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ገንዘብ ማስያዝ ንግድ እንጂ ቁማር አይደለም።» ሄኖክ ይደግፋል፣ ሰብለ ትቃወማለች።

ሄኖክ፦ ብዙ ሰው አሠራሩን ሳያይ ይፈርዳል። ሰው ወደፊት በሚሆነው ላይ ገንዘብ የሚያስይዝበትን የፖሊማርኬትን ድረ ገጽ የ15 ደቂቃ የቢትኮይን ገበያ እንውሰድ። «ይወጣል» እና «ይወርዳል» የሚባሉ ሁለት ድርሻዎች አሉ፤ ያሸነፈው 1 ዶላር ይከፈልበታል፣ የተሸነፈው ባዶ ይቀራል። «ይወጣል» በ62 ሳንቲም እየተሸጠ ከሆነ ገበያው ዕድሉን ወደ 62 በመቶ ገምቶታል ማለት ነው። ይህን ዋጋ የሚያወጡት ገዢና ሻጭ ናቸው። ሐሳቡን የቀየረም ሰዓቱ ሳይሞላ ድርሻውን ሸጦ ይወጣል። ሎተሪ ቆርጦ እጣው ሳይወጣ መልሶ የሸጠ ማን አለ?

ሰብለ፦ የተሻለውን መርጠህ አመጣህ። ፓንኬክስዋፕ የሚባለውን የክሪፕቶ መድረክ ለምን ዘለልከው? እዚያ የሁሉም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ዙሩ ለ5 ደቂቃ ክፍት ይሆናል፤ ሲቆለፍ የመነሻው ዋጋ ይመዘገባል፣ ከሌላ 5 ደቂቃ በኋላ ደግሞ የመዝጊያው። ከቋቱ 3 በመቶ ተቆርጦ የቀረውን አሸናፊዎች እንደየመዋጯቸው ይካፈላሉ።

በቁጥር እንየው። «ይወጣል» ላይ 4 ቢኤንቢ (እዚያ የሚያስይዙበት የክሪፕቶ ገንዘብ)፣ «ይወርዳል» ላይ 6 ቢኤንቢ አለ እንበል። ከ10ሩ 9.7 ይቀራል፤ ለ4 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ቢኤንቢ 2.425 ይደርሳል። ሊቆለፍ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር አንድ ቦት (በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም) «ይወጣል» ላይ 3 ቢኤንቢ ይጥላል። አሁን 12.61 ለ7 ነው፤ ክፍያው 1.80 ሆነ። ቀድሞ የገባው ሰው ገንዘቡን ማውጣት አይችልም። ሁለቱ ወገኖች እኩል ቢሆኑ እንኳ ክፍያው 1.94 ስለሆነ፣ ላለመክሰር ብቻ ከ100 ዙር 52ቱን ማሸነፍ ያስፈልጋል። የመነሻውና የመዝጊያው ዋጋ አንድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይከስራል፣ ገንዘቡ የመድረኩ ነው።

ሄኖክ፦ በቋቱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ጥፋቱ የቋቱ ነው፣ የጊዜው ማጠር አይደለም። ሊሚት ኦርደር (የዋጋ ገደብ ያለው ትዕዛዝ) ያለበት ገበያ ላይ «ከ55 ሳንቲም በላይ አልገዛም» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ክፍያው በኋላ አይለወጥም።

ሰብለ፦ ያው ትዕዛዝ መቼ ነው የሚሞላው? ትልቁ የክሪፕቶ መገበያያ ባይናንስ ላይ ዋጋው በድንገት ሲወድቅ ቦቱ ቀድሞ ያያል፤ ያንተ 55 ሳንቲም ሳይነሳ እዚያው ተቀምጧል፣ እሱም ወዲያው ይሸጥልሃል። ቢትኮይን ወደ ላይ ሲሄድማ ትዕዛዝህን የሚነካው የለም።

ሄኖክ፦ እሱ የፍጥነት ችግር ነው፣ አክሲዮን ገበያም ውስጥ አለ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሰው የመዝጊያውን ደንብ አለማንበቡ ነው። የፖሊማርኬት የ15 ደቂቃው ገበያ የሚዘጋው ቼይንሊንክ የሚባል የዋጋ መረጃ አቅራቢ በሚሰጠው ዋጋ ነው፤ እኩል ከሆነ «ይወጣል» ያሸንፋል። የአንድ ሰዓቱ ገበያ ደግሞ በባይናንስ የአንድ ሰዓት ካንድል (የሰዓቱን መነሻና መዝጊያ ዋጋ በሚያሳየው የቻርት ምልክት) ይዘጋል። የሁለቱ ዋጋ ስለሚለያይ፣ ባይናንስን እያየ በቼይንሊንክ የሚከፈል ሰው አሸነፍኩ ብሎ ተሸንፎ ይገኛል። ካልሺ የሚባለው ሌላ የትንበያ ገበያ ግን የመጨረሻዎቹን 60 ሰከንዶች አማካይ ስለሚወስድ፣ በአንድ ሰከንድ ግፊት ውጤቱን መጠምዘዝ ይከብዳል።

ሰብለ፦ መጠምዘዝን ይከላከላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን 30ኛው ሰከንድ ሲያልፍ የአማካዩ ግማሽ ታውቋል። እሱ ከመነሻው ዋጋ በ100 ዶላር ርቆ ከሆነ፣ ውጤቱ እንዲገለበጥ ቀሪው ግማሽ በተቃራኒው ከ100 ዶላር በላይ መራቅ አለበት። ይህን ስሌት በየሰከንዱ የሚሠራው ቦቱ ነው፣ በስልኩ ቻርት የሚያየው ሰው ድርሻውን የሚገዛው ከእሱ ነው።