ጥቁር ቢራ ሁሉ ኃይለኛ አይደለም

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጓደኛችን ከውጭ ያመጣውን የአጃ ስታውት (አጃ የገባበት ጥቁር ቢራ) ስንቀምስ «ጥቁር ስለሆነ አልኮሉ ከባድ ነው» ብለህ ነጥብ ቀነስክበት። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ስህተት ነው።

ጥቁረቱ የሚመጣው በደንብ ከተቆላ ገብስና ብቅል ነው። የሲዳማ ቡና ምጣድ ላይ ሲጠቁር አይተህ የለ? ያው ነው። የጠላው አሻሮም ጠቆር ተደርጎ ሲቆላ ጠላው ይጠቁራል። አልኮሉን የሚወስነው ግን እርሾው ወደ አልኮል የቀየረው የስኳር መጠን ነው። ጥቁሩ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ነው። እኛ የለመድናቸው ቢጫ ቢራዎች ብዙዎቹ 5 በመቶ አካባቢ ናቸው። በእርግጥ በጣም ጠንካራ ስታውትም አለ፤ ስለዚህ ቀለሙን ትተህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እይ።

አፍህ ላይ ወፈር ያለብህ ከአጃው ነው። ከገብሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው የሚገባው፣ ግን አጥሚት ላይ የምናውቀውን ልስላሴ ይሰጣል። ስትዳኘው እሱን ፈልግ። ደግሞ ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅመሰው፤ 10 ዲግሪ አካባቢ ይድረስ። የቡናና የቸኮሌት ሽታው ያኔ ነው የሚወጣው። እኛ በረዶ አድርገን ጠጥተን መዓዛውን ገደልነው። አንድ ጠርሙስ ተርፏል፣ እሁድ መልሰን እንቅመሰው።