ገጽ 96 ላይ ምን ሆነ?

«ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» የምትለው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ከ«እንዴት ነህ» ቀጥላ የምትመጣ ሰላምታ ሆናለች። ማኪያቶ ታዝዞ እስኪመጣ ትጠየቃለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ካርታው ሳይታደል፣ ትጠየቃለች። ሰዉ ደግሞ በሌላው ነገር ሁሉ ግልጽ ነው። ደመወዙ ከአሥራ አምስት ቀን እንደማያልፍ ይናገራል፤ ኩላሊቱ ውስጥ ያለውን ጠጠር ከነሚሊሜትሩ ለባለታክሲ ይዘረዝራል። «ምንም እያነበብኩ አይደለም» ለማለት ግን አንደበቱ አይታዘዝለትም።

ስለዚህ መልስ ተበጅቷል። «ጀምሬዋለሁ» ያለ ሰው ገዝቶታል። «እያገባደድኩት ነው» ያለ መታሰቢያነቱንና ምስጋናውን ጨርሷል፤ የእኛ ደራሲ ምስጋና ከሚስቱ ተነስቶ እስከ ሰፈሩ ባለሱቅ ስለሚዘልቅ ይህም ቀላል ንባብ አይደለም። «ከባድ መጽሐፍ ነው፣ በዝግታ ነው የሚነበበው» የሚለውን ገጽ 11 ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። የተራቀቀው መልስ ግን «እየደገምኩት ነው» የሚለው ነው። ይህን ያለን ሰው ስለ ታሪኩ መጠየቅ አይቻልም፦ ያኔ ያነበበውን ረስቶታል፣ አሁን ደግሞ ገና አልደረሰበትም።

«ድሮ ነው ያነበብኩት» የሚባለው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ የተነበበ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ከተረከው ወዲህ፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ በዛብህን የቀበሩት ሰዎች ገልጠው ከቀበሩት ሳይበልጡ አይቀሩም። ነውር የለበትም፤ ጥሩ ትረካ ከክፉ ንባብ ይሻላል። ነውሩ አድማጩ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ሲሟገት ነው። መለየት ለፈለገ ዘዴው ቀላል ነው። ጉዱ ካሳ እንዴት ይናገር ነበር ቢሉት ከነሳሉ ያስመስላል። ምዕራፉ የት ላይ ያበቃል ቢሉት ግን ሙዚቃ ያንጎራጉራል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም የራሱ ጣጣ አለው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው። ዛሬ «ከመሰብሰቡ በፊት ገዝቼ አንብቤዋለሁ» የሚለው ሰው ሁሉ ያኔ እውነት ገዝቶት ቢሆን፣ ለሰብሳቢዎቹ አንድ ቅጂ አይተርፋቸውም ነበር።

የቀረው ሕዝብ የሚያነበው በአዟሪ በኩል ነው። አዟሪው ከመዳፉ እስከ አገጩ የደረሰ የመጽሐፍ ቁልል ታቅፎ ካፌ ለካፌ ይዞራል፤ አገጩን በላይኛው ላይ አስደግፎ «ሳይኮሎጂ አለ፣ ፍልስፍና አለ፣ ታሪክ አለ» ይላል። ሳይኮሎጂ የሚባለው በጠዋት ተነሥተህ ሀብታም ሁን የሚል የትርጉም ሥራ ሁሉ ነው። «ይሄ ስለ ምንድን ነው?» ሲሉት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ ማን ከማን እንደተጣላ፣ መጽሐፉ ለምን እንደተወደደ፣ ቀውጢው የት ጋ እንደሚነሣ። የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ በአርባ ደቂቃ ዳሰሳ የማይነግረንን ነው በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግረን። ደንበኛው ይሰማል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ የኋላውን ሽፋን ያነባል፣ ሳይገዛ ይሸኘዋል። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ያቺው ሁለት ዓረፍተ ነገር «ሰሞኑን የያዝኩት መጽሐፍ» ተብላ ትቀርባለች። አዟሪውም በማግስቱ ሌላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዞ፣ እንደ ትናንቱ በባዶ ኪስ፣ ይመጣል።

ፎቶውም ሥርዓት አለው። የማኪያቶ አረፋ ቶሎ ስለሚሞት መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ መጠጣት፣ ንባቡ በሦስተኛ ደረጃ። መጽሐፉ ተከድኖ ከታየ «ገና ዛሬ ገዛኸው?» ያስብላል። ገጽ 3 ላይ ቢገለጥ ጀማሪ ያስመስላል። ስለዚህ መሃሉ ይፈለጋል፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ባለ ለስላሳ ሽፋን መጽሐፋችን በክር አልተሰፋም፤ ጀርባው ተፍቆ በትኩስ ሙጫ የተያያዘ ነው፤ ሙጫው ሲደርቅ ደግሞ እንደ ብስኩት ይሰበራል። አዲስ መጽሐፍ ድንገት ከመሃሉ ተገልጦ፣ እንዳይከደን ባንድ ወገን በሲኒ ሳህን በሌላው ወገን በመኪና ቁልፍ ተጭኖ ሲለጠጥ፣ ጀርባው «ቀጭ» ይላል። ለፎቶ የተመረጠችው ገጽ ከጥቂት ወር በኋላ ብቻዋን ወልቃ ትመጣለች። መጽሐፉንም ከዚያ ወዲያ ማንም ቢያነሣው በዚያችው ስንጥቅ በኩል ነው የሚገለጥለት።

አዲስ መጽሐፍ አገላለጥ አለው። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ ከፊት አሥር ገጽ ከኋላ አሥር ገጽ እያሉ፣ ሥሩን በአውራ ጣት ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ወደ መሃል መምጣት ነው። ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ አረፋው ግን አይጠብቅም።

ባለቤቱ የፈለገውን ቢል መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ከድኖ፣ በጀርባው ትይዩ ያለውን የገጾቹን ጠርዝ ማየት ነው። ጣት የዳበሰው እስከደረሰበት ጠየም ብሏል፤ ያልደረሰበት ነጭ ነው፤ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ በተደረደሩት ላይ ይህ ድንበር ከፊት ሽፋኑ የአንድ ጥፍር ያህል እንኳ አይርቅም። ዕልባቱም አፍ አለው። ገጽ 40 ላይ ዕጣው ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው ሎተሪ ከተገኘ፣ ለመጽሐፉም ዕጣ አልወጣለትም ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ከማተሚያ ቤቱ በላይ የሚያጋልጥ የለም። መጽሐፍ የሚታተመው አንድ አንድ ገጽ እየተባለ አይደለም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ፣ ታትሞ ይታጠፋል፤ እጥፎቹ በተራ ይደረደሩና አንድ ላይ ይጠረዛሉ። ደርዳሪው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለምረቃው ቀን ይድረስ ተብሎ እየተጣደፈ፣ ከስድስተኛው ክምር ሁለት አንሥቶ ሰባተኛውን ከዘለለ፣ አንባቢ ገጽ 96ን ሲጨርስ እንደገና ገጽ 81 ይመጣበታል። 96 ድረስ ለሁለተኛ ጊዜ ይሄድና ቀጥሎ 113 ያገኛል። ከ97 እስከ 112 የሚባል ነገር የለም። ልጅቱ ገጽ 96 ላይ ገና በር እያንኳኳች ነበር፤ ገጽ 113 ላይ መንታ ታጠባለች።

እንዲህ ያለ ቅጂ የደረሰው ሰው ካነበበ በማግስቱ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ገዛበት ይገሰግሳል። ሻጩም ብዙ አይከራከርም፣ የሰባተኛውን እጥፍ መጉደል በዐይኑ ያይና ይለውጥለታል። ያላነበበው ያመሰግናል። «አወቃቀሩ ይገርማል» ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ እስከ 96 ደርሶ፣ ወደ 81 ተመልሶ፣ ሁለቴ በር አስንኳኩቶ ሲያበቃ «ደራሲው ጊዜን የሰባበረበት ጥበብ» የሚል ይገኛል። ይሄኛው ይከበር፤ ቢያንስ አንብቧል።

ከልብ የሚነበበው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ለሦስት በተሠራው የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆኖ። ክርን መዘርጋት ስለማይቻል መጽሐፉ በአንድ እጅ ይያዛል፦ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከፊት ገጾቹን ይጫናሉ፣ ሦስቱ ከኋላ ሽፋኑን ይደግፋሉ። በሌላው እጅ ሂሳብ ተቆጥሮ፣ ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ ረዳቱ «የኋላ ሂሳብ» ባለ ጊዜ ኪስ መዳበስ የተጀመረ እንደሆነ ገጹ ይጠፋል። በመስኮት በኩል መቀመጥ ብርሃን ይሰጣል፤ በበሩ በኩል ያለው ወራጅ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ ስለሚቀመጥ ግጥም ካልሆነ አይሆነውም።

መጽሐፍ ታክሲ ውስጥ የብቻ አይደለም። ጎን ያሉት አባት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከግራው ገጽ ጀምረዋል። ባለመጽሐፉ ሊገልጥ ሲል፦

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይቺን ልጨርስ።»

«ይጨርሱ አባባ።»

«… አሁን ግለጥ። ይሄ ሰውዬ ግን ልጁን ሊያስቀርበት ነው እኮ!»

ጦር ኃይሎች ሲደርሱ ይወርዳሉ። አሥራ ሁለት ገጽ አንብበዋል። ማታ ቤታቸው «ምን እያነበብክ ነው?» የሚላቸው ቢኖር የመጽሐፉን ርዕስ አይነግሩትም፣ ሽፋኑን አላዩትም፤ ሰውዬው ልጁን እንዴት ሊያስቀር እንዳሰበ ግን እቅጩን ያስረዱታል። ርዕሱን ከነደራሲው፣ ከነኅትመት ቁጥሩ የሚያውቀው ሌላው ነው።

የወደዱትን መጽሐፍ ማውራት ውሰት ይጠራል። «ደስ የሚል መጽሐፍ ይዣለሁ» ከማለት በፊት ሁለተኛ ቅጂ መግዛት ይመከራል። ተዋሹ «ለሁለት ቀን ብቻ» ይላል፤ እሱ ለእህቱ፣ እህቱ ለጓደኛዋ ትሰጥና መጽሐፉ ባሕር ዳር ይገባል። የጥንቱ ጸሐፊ ሰዉን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ብራናው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ብሎ ያኖር ነበር። የሰረቀውም የፋቀውም ተወግዟል። የተዋሰው ግን አልተጠቀሰም፤ ይሄው እስከ ዛሬ በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል።

ስምን መጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ አይበቃም፣ ያ ገጽ ነው ቀድሞ የሚቀደደው። መሃል ላይ አንድ ቁጥሩ የማይረሳ ገጽ መርጦ ከውስጥ ጠርዙ ጋ መፈረም፣ ከዚያም በተከደነው ጠርዝ ላይ በማርከር መጻፍ ይሻላል፤ ያን ለማጥፋት መጽሐፉን በሞላ መከርከም ያስፈልጋል። ለማስመለስ ሲደወልም «ጨረስከው ወይ?» ማለት ስሕተት ነው፤ «እያገባደድኩት ነው» ያስብላል። «ታላቅ እህቴ ፈልጋው ነበር፣ ነገ ጠዋት ልጅ እልካለሁ» ይባላል። ላላነበበው ሰው ይህ ግልግል ነው፣ ሮጦ ያመጣዋል።

ውጭ አገር ያለው ወገን ደግሞ መጽሐፉ የሚደርሰው በሻንጣ ነው። 300 ገጽ ያለው ወደ 400 ግራም ይመዝናል፤ 23 ኪሎ ላይ ሚዛኑ ሲንቀጠቀጥ፣ ሽሮው ይቀነስ ወይስ መጽሐፉ በሚለው ክርክር እናት ያሸንፋሉ። መጽሐፉ ካለፈም በበርበሬው ላስቲክ ሥር ተጠቅጥቆ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንባቢው ገጽ በገለጠ ቁጥር ያስነጥሰዋል፣ ዐይኑ ይቀላል፤ «ልብ የሚነካ መጽሐፍ፣ እንባዬን ማቆም አልቻልኩም» ብሎ ይለጥፋል። ሥሩ «ፒዲኤፉን ላክልን» የሚሉ ይደረደራሉ። ፒዲኤፉም አይጠፋም፦ በስልክ ገጽ በገጽ የተነሣ፣ በየገጹ ጥግ የአንሺው አውራ ጣት ያለበት፣ ለደራሲው አምስት ሳንቲም የማያስገባ።

የማያነበው ሰው ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው አንብቦ የወደደው ነው። እሱ መጽሐፉን በግድ ያስይዛል። «መጨረሻውን አልነግርህም፣ ራስህ ድረስበት፤ ብቻ ልጅቱ ስትሞት እንዳታለቅስ» ይላል። ከዚያ በየማታው ይደውላል፦ «የት ደረስክ?» እቅጩን ከነገሩት ቀጥሎ የሚመጣውን ያወራል። ጨምረው ከነገሩት ይፈትናል። መድኃኒቱ ከደረሱበት ሠላሳ ገጽ ቀንሶ መናገር ነው፤ ያን ጊዜ ደስ እያለው የሚነግረን ያነበብነውን ይሆናል፣ እኛም በየመሃሉ «አትለኝም!» ማለት ብቻ ይጠበቅብናል። «ጨርሼዋለሁ» በተባለበት ቀን ደግሞ በር ይንኳኳል፤ ክፍል ሁለትን ይዞ መጥቷል፣ ክፍል ሦስት ማተሚያ ቤት ገብቷል።