ፓኪያው ድጋሚ ግጥሚያ አያስፈልገውም

አንድ ጸሐፊ ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያው፣ አቻ ከተለያየው የዚያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ማሪዮ ባሪዮስ ጋር ዳግም ገጥሞ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስዶ ጓንቱን ይስቀል ብለዋል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ላስ ቬጋስ ላይ በ46 ዓመቱ አቻ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለት ዳኞች 114 ለ114፣ አንዱ ለባሪዮስ 115 ለ113 ሰጡ። ግን በመጨረሻዎቹ ዙሮች የበረታው ባሪዮስ ነበር።

ችግሩ እጁ ሳይሆን እግሩ ነው። ፓኪያው ግራኝ ነው፤ ቀኝ እግሩን ከተጋጣሚው ግራ እግር ውጭ ያሳርፋል፣ ቀጥተኛ ግራውን ይሰነዝራል፣ ወዲያው ወደ ጎን ይወጣል። እግር ሲዝል መግባቱ አይቸግርም፤ መውጣቱ ይዘገያል፣ የመልስ ቡጢም የሚያርፈው ያኔ ነው። በ2012 ሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ማርኬዝ በ6ኛው ዙር የዘረረው ወደ ፊት ሲገባ ነበር፣ ያውም ፓኪያው ገና በ33 ዓመቱ።

የግድ ይጫወታል ከተባለ ቀበቶ የሌለበት፣ ከ12 ይልቅ 8 ወይም 10 ዙር ይሁን፤ ከዚያ በፊት የአንጎል ኤምአርአይ ይነሣ። ፖለቲካው እንኳ አልሰመረለትም፦ በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ፣ በ2025 ደግሞ ለሴኔት ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀረ። ለእኔ የሚሻለው ግጥሚያ አዘጋጅነቱ ነው። የፊሊፒንስ ቀላል ክብደት ቦክሰኞች ችሎታ አላቸው፤ የሚያጥራቸው ስሙ ተመልካች የሚጠራ አዘጋጅ ነው።