ቅሬታችሁን ለድንኳን አታስቀምጡ

ወገኖቼ፣ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ሁላችንም ሐኪም ነን። «መርፌው በሰዓቱ አልተሰጠም»፣ «ነርሷ ብትጠራ ብትጠራ አልመጣችም»፣ «ኦክስጅኑ አልቆ ነበር»። ታዲያ ይሄን ሁሉ በሽተኛው በሕይወት እያለ ለማን አመለከታችሁ? ለማንም። ኮሪደር ላይ ያገኛችኋትን ተረኛ ሰደባችሁ፣ ከዚያ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብላችሁ ሬሳችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ።

አክስቴ ስትሮክ መቷት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ግማሽ አካሏ አይንቀሳቀስም። ጓንቱንም ግሉኮሱንም ከውጭ ገዝተን አስገባን፣ እሱ ይሁን፣ ለምደነዋል። ያልቻልነው ሌላውን ነው። እንዲህ ያለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ የተኛበት ገላው ይቆስላል። አንድ ጠዋት አንሶላውን ስንገልጥ ከወገቧ በታች ያለው ቆዳ ጠቁሮ ተልጧል፣ ተረከዟም እንደዚያው፣ ጠረኑ አይነገርም። የሚያገላብጣት አልነበረም፤ ለእኛም እንዴት እንደምናገላብጣት ያሳየን የለም። ጠያቂውማ ፔርሙስና ምሳ ዕቃ ይዞ ይገባል፣ ብርድ ልብሷን አስተካክሎ ይወጣል።

ልጆቿ ለጠብ ተነሡ። እህቴ አስቁማቸው ወረቀት አወጣች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ተረኛው ማን እንደነበር፣ ምን ጠይቀን ምን እንደተባልን ጻፈችና አንዱን ለሜትሮኗ፣ ለነርሶቹ ኃላፊ፣ ሰጥታ በሌላው ላይ አስፈረመቻት። ከዚያ ወዲያ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ ጀመር፣ ማገላበጡንም አሳዩን።

ነርስ አትሳደቡ፣ እጃችሁንም አታንሡ። ሌሊት አንዲት ሴት ሙሉ ዋርድ ብቻዋን ይዛ ስትሯሯጥ አይታችኋል፤ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የመደባት ሰው የሚለየው በጽሑፍ ሲጠየቅ ነው። «ብንናገር በሽተኛችን ላይ ይወጡታል» የምትሉ አላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ደግሞስ ዝም ብላችሁ ምን ተረፈላችሁ?

መጀመሪያ የዋርዱን ኃላፊ አናግሩ፣ ካልሆነ ሜትሮኗን፣ ከዚያ ሜዲካል ዳይሬክተሩን። እዚያም ካልተሰማችሁ ጤና ቢሮ ሂዱ። የሕክምና ስህተት ከጠረጠራችሁ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። የመንግሥት ሆስፒታል አስተዳደር ከበደላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ እሱም የእናንተ ነው። የበሽተኛችሁን የካርድ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ያዙት። የላብራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ፊልም፣ የመድኃኒት ማዘዣና ደረሰኝ አትጣሉ፤ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው «ነገ ተመለስ» ብሎ መሸኘት እንደ ሌላው አይቀልም።