ማይክሮፎን ከመግዛት በፊት ክፍሉን ማድመጥ

ባለፈው ክረምት አንድ ክራር ተጫዋች ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ለስምንት ወራት ያጠራቀማትን ገንዘብ የትኛው ማይክሮፎን ላይ ቢያውላት እንደሚሻል አማከረኝ። የጠየቃቸው ሰዎች ሁሉ ኮንደንሰር ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ዕቃ)፣ ሁለት ስፒከርና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ሳይሟላ ቤት ውስጥ ሙዚቃ መቅረጽ ጊዜ ማባከን ነው ብለውታል። እኔ ግን ገንዘቡን ባለበት ትቶ ስልኩን እንዲያወጣ ነገርኩት። በእኔ እምነት ብዙ ጥሩ ድምፅ ሳይቀረጽ የሚቀረው በዕቃ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው እስኪሟላ እየተባለ ዓመታት ስለሚያልፉም ነው።

መነኩሲቷና ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ የዘፈኗቸውን ዜማዎች የቀረጹት በተራ የካሴት ቴፕ ነበር። እነዚያ ቅጂዎች እሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ታትመው ወጡ። ሲያዳምጧቸው የቴፑ እሽታ (ሽሽ የሚል ጩኸት) አለ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ይህን የሰማ ሰው ወፎቹ ይውጡልኝ የሚል አይመስለኝም። ወደ ኋላ ርቀን ከሄድን ደግሞ ዘፋኙና ገጣሚው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሲቀረጹ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ ገና አልዋለም ነበር፤ ድምፃቸውን የተቀበለው እንደ ጥሩምባ አፉ የሰፋ ቀንድ ነው። ይህን የማነሣው ዕቃ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ጨዋታው አስቀድሞ ተሰናድቶ እንደነበረ፣ መሣሪያው የመጣውም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ለጀማሪ ከማይክሮፎኑ በፊት የሚቀድመው ክፍሉ ነው። የከተማችን አዳዲስ ቤቶች ግድግዳቸው ሲሚንቶ፣ ወለላቸው ሴራሚክ፣ መስኮታቸው ሰፊ መስታወት ስለሆነ ድምፅን እንደ ኳስ ይመልሱታል። በክፍሉ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ በቂ ነው፤ ከጭብጨባው በኋላ እንደ ቆርቆሮ የሚንጫረር ጭራ ከተሰማ ያው ጭራ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ይቀረጻል። ያረጀ የጭቃ ቤት፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና ግድግዳው ዳር ፍራሽ ካለበት፣ ከአዲሱ ኮንዶሚኒየም ሳሎን የተሻለ ስቱዲዮ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ግን የቆርቆሮ ጣሪያው ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ ያስፈታል። ከዘፋኙ ኋላ በገመድ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ከተለጠፈ ቀጭን ስፖንጅ የበለጠ ይሠራል። በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን በሩ ተከፍቶ ዘፋኙ (ማይኩ ሳይሆን) ጀርባውን ወደዚያ ሰጥቶ ቢቆም ከጀርባው የሚመለሰው ድምፅ በልብሱ ውስጥ ይጠፋል።

ርቀትም እንደዚሁ ነው። ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ማስተጋባት ግን የትም ቢቆም ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ በአንድ ስንዝር ርቀት የተቀረጸ ድምፅ ውስጥ የሚሰማው በአብዛኛው ሰውዬው ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ርቀት የተቀረጸው ውስጥ በአብዛኛው የሚሰማው ቤቱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ አንድ ሱቅ ለቤት ቀረጻ ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ የሸጠልኝን ውድ ኮንደንሰር ማይክ ባዶ ሳሎን መካከል አቁሜ ወራት ደክሜበታለሁ። ኮንደንሰር ከሳውንድ ካርዱ የ48 ቮልት ኃይል እየተቀበለ የሚሠራ፣ ስስ ጆሮ ያለው መሣሪያ ነው፤ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የፍሪጅ ሞተር፣ የውሻ ጩኸት አይቀረውም። ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በየመድረኩ የምናየው የሹር ኤስኤም58 ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ (ጆሮው እንደ ኮንደንሰር ስስ ያልሆነ)፣ ዘፋኙ ተጠግቶ ከያዘው፣ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ሻጮች ይህን የማይናገሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክፍል የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ስለ ቀረጻው ሥራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ሪፐርም 60 ቀን ያስሞክራል፤ ሁለቱም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አውቶማቲክ ቁጥጥር የሚያጠፋ መተግበሪያ ይፈልግ፤ አለበለዚያ ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር የክፍሉ ጩኸት እያደገ ይመጣል። በካሴት ዘመን እሽታውን ለመሸፈን ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ መቅረጽ ተገቢ ነበር። በ24 ቢት ዲጂታል ቀረጻ ግን ይህ ልማድ ጎጂ ነው፤ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ (ቀረጻው ሊይዘው ከሚችለው ጫፍ) በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ቢያርፍ የሚጎድል ነገር የለም፣ ከዜሮ ያለፈ ድምፅ ግን ተሰንጥቆ ይቀራል። ከሁሉም ቅጂ በታች ዝቅ ያለ እምምታ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የ50 ኸርዙ የመብራት መስመር ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል።

ከዚህ በኋላ የምለው ግን ብዙዎች የማይስማሙበት ይሆናል። የቤት ቀረጻ ከተስፋፋ ወዲህ ጀማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ኪቦርድ ከፍቶ የማሲንቆ ድምፅ፣ የክራር ድምፅ፣ የከበሮ ድምፅ መርጦ መጫን ነው። ይህ ልማድ የመጣበት ምክንያት ይገባኛል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃውን ሲያደክመውና የባንድ አባላትን ሰብስቦ መክፈል ሲከብድ፣ አንድ አቀናባሪ በአንድ ኪቦርድ ሙሉ ካሴት ማውጣቱ አዋጭ ነበር። በዚያ መንገድ የተሠራ ታላቅ ሥራም አለ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ኪቦርዶችን ሲደራርቡ በመካከሉ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ነበር፤ የዚያ አኮርዲዮን ትንፋሽ ነው ማሽኖቹን ሁሉ ሕይወት የሰጣቸው። ዛሬ ግን የወጪው ሚዛን ተገልብጧል። በመኝታ ቤት ውስጥ እውነተኛ ማሲንቆ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው አንድ ማይክ፣ አንድ ወንበርና የተጫዋቹ የቀን ክፍያ ብቻ ነው።

የኪቦርዱ ማሲንቆ የሌለውን ነገር ለመስማት ማይኩን ከእውነተኛው ማሲንቆ ፊት ለፊት፣ ከቆዳው ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር የፈረስ ጭራው አውታሩን የሚይዝባት ቅጽበት አለች፤ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ትፋጫለች። ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደሌላው ሲንሸራተትም በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሁሉ ይሰማል። በገና ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ አውታር ሥር የገባችው የቆዳ እንዝራ ናት ያንን የሚነዝር ድምፅ የምታመጣው። ብዙ ጀማሪ ቀርጾ እንደጨረሰ የሚጫነው ጩኸት ማጥፊያ ፕሮግራም ታዲያ እነዚህን ከፍሪጁ ጩኸት ለይቶ አያውቅም፤ ንዝረቱን ያሳሳዋል፣ የዋሽንቱን ትንፋሽ ይጠርገዋል፣ የቀረው ድምፅ የኪቦርዱን ይመስላል። ኦቶቱንም (የድምፅን ቅኝት የሚያርመው ፕሮግራም) ልኩን አልፎ ከተጫነ የአምባሰልን ቅላጼ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያስተካክለዋል። ጩኸትን መከላከል ያለብን ከቀረጻ በፊት፣ በብርድ ልብስና በሰዓት ምርጫ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሰዓቱን ያገኘው ያ ወጣት ራሱ ነው። የሚኖረው አስፋልት ዳር በመሆኑ ቀን ላይ መኪና፣ ማታ ላይ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ውሾች አላስቀርጽ ብለውት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ውሾቹ ከደከሙ በኋላና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከመከፈቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ሰዓት የማትሞላ ጸጥታ መኖሯን ደረሰባት። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ ጋቢ ከኋላው ሰቅሎ፣ ክራሩንና ድምፁን በአንድ ላይ አራት ጊዜ ቀረጸ። ሦስተኛውን አምጥቶ አሰማኝ። ከበሮ የለውም፣ ዝቅተኛው የክራር ድምፅ በስልኩ ማይክ ሳስቷል፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ወንበሩ ይንቋቋል። ቃሉ ግን አንድም ሳይቀር ይሰማል፣ ዘፈኑም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ማቋረጥ ይሄዳል።

ካጠራቀማት ገንዘብ ላይ ጥቂቷን አንድ ያገለገለ ዳይናሚክ ማይክና ባለሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ገዛባት። ከተረፈችው ላይ ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ቀብድ ከፍሏል፤ ሐሙስ ሌሊት ይቀርጻሉ።