ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እናት ጋ ነው

በቀደም ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ደረጃ ሥር ጎረቤቴ ቡና እየቆላች ነበር። ልጇ ወታደር ነው። ከደወለ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በዚህ መሀል በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ደረሳት። ታንክ ይቃጠላል፣ ሰው ይወድቃል፣ ከላዩ "ሠራዊቱ ተደመሰሰ" ይላል። ቡናው አርሮ ጭሱ ደረጃውን ሞላው፤ እሷ ግን ቪዲዮውን ቆም እያደረገች የልጇን መልክ ትፈልጋለች። የገላገላት የጎረቤት ልጅ ነው፦ "እትዬ፣ ይሄኮ ጌም ነው፣ አርማ 3!"

ልጁ እውነቱን ነው። የዚህ ጌም ቅንጭብጭብ በዩክሬን ጦርነትም የእውነት ውጊያ ተብሎ ስለተሠራጨ፣ ጌሙን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 መግለጫ እስከማውጣት ደርሷል።

የመረጃ ዘመቻ፣ ማለትም በጦርነት ጊዜ በሐሰት ወሬ ማደናገር፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የጠላትን አዛዥ ማታለል ብቻ ነው። እሱም አለ፣ እኛም እናውቅበታለን። አድዋ ላይ ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሰልል መስሎ የምኒልክ ጦር ተበትኗል ብሎ የጣሊያኑን ጦር አዛዥ ባራቲየሪን አሳመነው። ባራቲየሪ ሞኝ ስለነበር ያመነ አይመስለኝም። ስንቁ እያለቀበት ነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ደግሞ ከሮም ቴሌግራም እየላከ ይወተውተዋል፤ መስማት የጓጓለትን ነገር ነው ያመጡለት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ውሸት የሚገባው በጭንቀት በኩል ነው። የዛሬው ዘመቻ ደግሞ ጄኔራሉን ትቶ እናቲቱን ይፈልጋል፣ ምክንያቱም እሷ ስታለቅስ ሰፈሩ ይሸበራል፣ ግንባር ያለው ልጅም ይሰማል።

መከላከል አይቻልም የሚሉ አሉ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ወታደሮቹን "እጅ ስጡ" ሲል የሚያሳይ የፈጠራ ቪዲዮ ተለቆ ነበር። ብዙም አልሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል ለሕዝቡ ቀድሞ ተነግሮት ነበር፣ ሰውየውም ወዲያው ራሱ ቀርቦ ሐሰት ነው አለ።

እኛ ጋ ግን መጀመሪያ የሚዘጋው ኢንተርኔት ነው። በትግራይ በ2013፣ በአማራ ክልል በ2015 መጨረሻ አይተነዋል። ወሬን ለማፈን ይመስላል፣ ግን ወሬው በሰው አፍ ይሄዳል፣ ማስተባበያው ነው መንገድ የሚያጣው። መጥፎም ቢሆን እውነቱ ቶሎ ይነገረን፤ እንችለዋለን።

ጎረቤቴ ያረረውን ቡና ደፍታ ሌላ አጠበች። "እሺ፣ ይሄ ጌም ነው" አለችኝ። "ልጄስ የት ነው ያለው? እሱን ማንን ልጠይቅ?" የምመልስላት አልነበረኝም።