«የአፍሪካ ጨርቅ ማዶ ነው» ትበለኝ?

ለንደን ነኝ፣ አሁን ሆቴል ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይሄን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጣና ሎውን ፍለጋ ነው የገባሁት። ያው ስነዘንዛችሁ የከረምኩት ጨርቅ። አበባው ጥቃቅን፣ እጅ ላይ ሐር የሚመስል፣ ለኩዊልት፣ ማለትም ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ለሚሰፋው ድርብ ልብስ፣ ስትቆርጡት ጫፉ ቶሎ የማይተረተር ንጹህ ጥጥ። ስሙም የራሳችን ጣና ነው። የለንደኑ ሱቅ ሊበርቲዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሲያወጡት፣ የመጀመሪያው ጥጥ ከሐይቁ አካባቢ የመጣ ነበርና በዚያ ሰየሙት። ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት።

የገባሁበት ሱቅ ግን የእነሱ አይደለም። ስሙን አልጠራም፤ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ሴትየዋ ገና ከበር ዓይኗን ተከለችብኝ። አንዱን ጥቅል ነካ ከማድረጌ አጠገቤ ደረሰች።

«ይሄ ውድ ነው።»

ዋጋ ጠየቅኳት? አልጠየቅኳትም!

«ለኩዊልት ነው። ከአምስት ዓይነት ግማሽ ግማሽ ሜትር ቁረጪልኝ» አልኳት። ረጋ ብዬ፣ እናቴ ባሳደገችኝ ሥርዓት።

«የአፍሪካ ጨርቅ ከፈለግሽ ማዶ ገበያው ውስጥ አለ። እዚያ ይረክስልሻል።»

«የምፈልገው ይሄንን ነው። ጣና እኮ የአገሬ ሐይቅ ነው።»

ሳቀች! «ኧረ አይደለም፣ ይሄ የእንግሊዝ ጨርቅ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰውዬም አብሮ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

ማዶ ያለው «የአፍሪካ ጨርቅ» ደግሞ ምን መሰላችሁ? ዋክስ! ሆላንዶች የኢንዶኔዥያን ባቲክ፣ በሰም እየተሸፈነ የሚቀለመውን ጨርቅ፣ አይተው በማሽን ያተሙት። ዋክስ አታሚው ቭሊስኮ እኮ ከ1846 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆላንድ ውስጥ ያለ ኩባንያ ነው። የምዕራብ አፍሪካ እህቶቻችን ወደዱት፣ የራሳቸው አደረጉት፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሆላንዱን የአፍሪካ ብላ፣ የጣናውን ከእኔ ነጥቃ ትሸኘኝ? በምን አንጀቴ ልቻለው?

ፎቶ ላንሳ ብላት ደግሞ «ክልክል ነው»። ጎኔ የቆመችው ፈረንጅ እኮ ስልኳን አውጥታ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ነበር!

ትናንት ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም የዋልኩት ለዲዛይን ነበር። ክምችታቸው ውስጥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ጥልፍ ቀሚስ አለ። ፎቶውን ስልኬ ላይ እያጎላሁ የደረቱን ጥልፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ። የእኛን ጥበብ በስልክ እያየን እንድንገለብጥ ማን ፈረደብን?

«አዲስ አበባ ጨርቅ ጠፍቶ ነው ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። አዎ ጠፍቶ ነው! ሽሮ ሜዳ ሸማ ሞልቷል፣ እሱማ ጌጤ ነው፤ ግን ስሱ ስለሆነ ብቻውን ኩዊልት አይችልም። ገበያ ስወጣ «መቶ በመቶ ኮተን ነው እናቴ» ይሉኛል። ክሩን መዝዤ ክብሪት ስለኩስበት ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጥ እንደዚያ አያደርግም። የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነኩት ብን ይላል። ይሄን ለሻጩ ሳሳየው «ሴትዮ፣ ልታቃጥይው ነው የምትገዢው?» ብሎ ገበያተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። እዚያም ሳቅ፣ እዚህም ሳቅ።

ዘመድ ደግሞ አለ። «ለጨርቅ ብለሽ ይሄን ሁሉ ብር?» ይለኛል። ሰው ለጫማ ዱባይ ሲመላለስ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ሳልገዛ ወጣሁ። ደከመኝ፣ በእውነት ደከመኝ። ነገ ጎልድሆክ ሮድ እወርዳለሁ፣ እዚያ ጨርቅ ቤቱ ተደርድሯል። ለንደን ያላችሁ፣ ጠዋት ነጻ የሆነ አብሮኝ ይምጣ። ብቻዬን ሌላ ፊት የማይበት አቅም የለኝም። ሻምፖና ሽቶ ያዘዛችሁኝ ደግሞ ከአሁኑ ቁረጡት፤ ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነው፣ ዘንድሮ ሙሉው የጨርቄ ነው።